"ዩዘር" የተባለው ደራሲ

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል። ቡና የቀረበላችሁ ፉት እያላችሁ አንብቡት፤ ያልቀረበላችሁ አስፈልታችሁ ተመለሱ።

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ ቤቴ መጥቶ ነበር። አሁን እሱም አስተማሪ ሆኗል፤ ማሻ ነው የሚያስተምረው። ዓረብ አገር የምትሠራው እህቱ የላከችለትን ኪንድል ከቦርሳው አወጣና "ወላሂ ቲቸር፣ ከአራት መቶ በላይ መጽሐፍ ጫንኩበት፤ አንዱንም ግን ፈልጌ ማግኘት አቃተኝ" አለኝ። ተቀብዬ ከፈትኩት። ስካን 0003፣ ስካን 0004፣ ኒው ዶክ 12፣ ኒው ዶክ 12 ቅንፍ ውስጥ 1፣ ከዚያ የሆነ የቴሌግራም ቻናል አድራሻ፣ ከዚያ ደግሞ ዝም ብሎ ቁጥር። አንዱን ነካሁት፤ የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ነው። ሌላውን ነካሁት፤ ግማሹ የተቆረጠ ልብ ወለድ። ሦስተኛው የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ ሽፋኑ የለም።

ላፕቶፑን አስከፈትኩትና ፋይሎቹን ካሊበር ወደሚባለው ፕሮግራም አስገባናቸው። ካሊበር ፋይሉ ውስጥ ተደብቆ የተጻፈውን ርዕስና የደራሲ ስም አንብቦ ይደረድራል። የተደረደረውን ሳይ ሳቄ መጣ። የብዙዎቹ ርዕስ "ማይክሮሶፍት ወርድ - ዶክመንት1" ነው። ደራሲያቸው ደግሞ "ዩዘር"። አንዳንዱን የጻፈው "አድሚን" ነው፤ ጥቂቱን "ኤችፒ"። በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ እንደ ዩዘር ብዙ የጻፈ ሰው የለም! ልብ ወለድ ይጽፋል፣ ታሪክ ይጽፋል፣ የጸሎት መጽሐፍ ይጽፋል፣ የመንዙማ ስብስብ ያዘጋጃል። ሥራው የኮምፒውተር ቤት ሠራተኛ መሆኑን ብቻ ነው የማናውቅለት።

ሳቅን እንጂ ነገሩ የሚያስቅ አይደለም። የዛሬ ሐሳቤም ይኸው ነው፦ እኛ አሁን የቸገረን የመጽሐፍ ፋይል አይደለም። ፋይልማ ሞልቷል፤ ከስልክ ስልክ፣ ከፍላሽ ፍላሽ ይዘንባል። የጎደለን ስም ነው። ስም የሌለው ፋይል አለኝ የሚል ሰው መጽሐፍ የለውም።

"ምን ያስጨንቃል ቲቸር፣ ቴሌግራም ላይ ሰርች ማድረግ ነው" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር፤ እስከ 2015 ክረምት ድረስ። የዚያን ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለሳምንት ነው ብለን ነበር። ወራት አለፉ። ያን ጊዜ ቻናሉ ውስጥ ያለው መጽሐፍ ሁሉ እንዳልነበረ ሆነ። የቀረልን በእጃችን፣ በስልካችንና በኮምፒውተራችን የነበረው ብቻ ነው። እሱንም ስንከፍት ዩዘር ቁጭ ብሎ ጠበቀን። ማትሪክ ይፈተኑ የነበሩ ልጆች መጽሐፉ ስልካቸው ውስጥ እያለ ሳያገኙት ቀርተዋል፤ ይኼንን በዓይኔ አይቻለሁ።

እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2009 እ.ኤ.አ. አማዞን የሸጠውን የጆርጅ ኦርዌልን "1984" ከአንባቢዎች ኪንድል ላይ በርቀት አጠፋው። የመብት ችግር ስለነበረበት ነው፤ ገንዘባቸውንም መለሰላቸው፤ በኋላም ይቅርታ ጠየቀ። ግን ሰዎቹ ተኝተው ሲነሱ መጽሐፋቸው የለም። የካቲት 2017 ላይ ደግሞ የተገዛን መጽሐፍ ከድረ ገጹ ወደ ኮምፒውተር አውርዶ በኬብል የመጫኛውን መንገድ ዘጋው። ይኼ ሁሉ መረብ ባለበት አገር ነው።

ወደ ሰፈራችን ልመልሳችሁ። መቅደላ ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ ያው ደቡብ ወሎ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያሰባሰቧቸውን የብራና መጻሕፍት እዚያ አከማችተው ነበር። በሚያዝያ 1860 ንጉሡ ከወደቁ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ምርኮውን በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭኖ ወደ ደላንታ አወረደው፤ እዚያ ሜዳ ላይ ጨረታ ወጣ። ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ላይብረሪው ከኢትዮጵያ ብራናዎቹ ብዙዎቹን ፎቶ አንስቶ ኢንተርኔት ላይ አውሎ ነበር፤ እኛም ከዚህ ሆነን ገጹን እያገላበጥን ማየት ጀምረን ነበር። ጥቅምት 2016 ላይ ላይብረሪው በሳይበር ጥቃት ተመታና ያም ከእይታ ጠፋ። ለአንድ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ መሄድ ማለት ይኼ ነው፤ መጀመሪያ ብራናው ሄደ፣ ከዚያ ምስሉ። ምስሉን ያኔ አውርዶ በስሙ ያስቀመጠ ሰው ግን አሁንም አለው።

የጥንቶቹ ሊቃውንት ስም ማስቀመጥ ላይ እንደኛ አልነበሩም። ብራና ስትከፍቱ የማን እንደሆነ፣ ማን እንዳስጻፈው፣ ማን እንደጻፈው፣ በማን ዘመን እንደተጻፈ፣ የሰረቀና የፋቀ ውጉዝ እንደሚሆን እዚያው ውስጡ ላይ ታገኛላችሁ። ፈረንጆቹ ሜታዳታ የሚሉት ይኼንኑ ነው። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዘመን ለሐይቅ እስጢፋኖስ የሰጡት ወንጌል ውስጥ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎበታል። ያ ወንጌል በ1973 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ተነሥቶ ኢኤምኤምኤል 1832 የሚል ቁጥር አለው። የነፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ድካም ባይኖር፣ ማለትም እያንዳንዱን ፊልም ከፍተው ምን እንደሆነ ባይጽፉት ኖሮ፣ ያ ሁሉ ማይክሮፊልም ዛሬ ስካን 0003 ነበር የሚባለው።

እሺ፣ ወደ ተማሪዬ ኪንድል። ሥራው ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብናል። የተማርነውን እነግራችኋለሁ፤ ምክንያቱም ፕሮግራሞቹ የተሠሩት ለኛ ስም፣ ለኛ ፊደልና ለኛ ዘመን አቆጣጠር አይደለም፤ ዝም ካልናቸው ያበላሹታል።

በመጀመሪያ ስም። ካሊበር ነፃ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ መጫኛውን በፍላሽ መቀባበል ትችላላችሁ። የጀመረው ኮቪድ ጎያል የሚባል ህንዳዊ ነው፣ በ2006 እ.ኤ.አ. (ስሙ ከበሽታው በፊት ነው የወጣለት፤ ምን ያድርግ)። ታዲያ ይኼ ፕሮግራም የሰው ስም መጨረሻ ላይ ያለው ቃል የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ ሐዲስ ዓለማየሁን "ዓለማየሁ፣ ሐዲስ" ብሎ ከአባታቸው ጋር ያስቀምጣቸዋል። እሺ ይኼስ ይቻላል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ግን "ሥላሴ፣ ኅሩይ ወልደ" ነው ያላቸው! ደራሲው ሥላሴ ሆነው አረፉት። ልጄ፣ ወልደ ሥላሴ አንድ ስም ነው፤ ገብረ ሕይወትም እንዲሁ። እኛ ሰውን በራሱ ስም እንጠራለን እንጂ በአባቱ አንጠራም። መፍትሔው ቀላል ነው። ፕሪፈረንስስ ውስጥ ትዊክስ የሚል ቦታ አለ፤ እዚያ የደራሲ ስም አደራደር የሚወስነውን "ኮማ" የሚለውን ቃል በ"ኮፒ" ቀይሩት። ከዚያ ማኔጅ ኦተርስ ውስጥ ገብታችሁ ሁሉንም እንደገና እንዲያሰላ እዘዙት። አንድ ጊዜ ከተደረገ በቃ፤ ኅሩይ ኅሩይ ይሆናሉ።

ሁለተኛው ፊደል ነው፤ ይኼኛው ይበልጣል። እኛ ስናነብ ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ድምፅ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። እስቲ "ሐዲስ ዓለማየሁ" የሚለውን ስም የሁለቱን ቃላት የመጀመሪያ ፊደል ብቻ እየቀያየራችሁ በስንት መንገድ መጻፍ እንደሚቻል ቁጠሩ። መጀመሪያው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ፤ ስድስት። የአባት ስም መጀመሪያ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ፤ አራት። ስድስት በአራት ሲባዛ 24 ሐዲስ ዓለማየሁ! አንዱን ጽፋችሁ ብትፈልጉ 23ቱ ዝም ይሏችኋል። ድርድሩም ይበታተናል፤ ምክንያቱም በ1999 እ.ኤ.አ. የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ በተራው ነው የገባው። በሀ የተጻፉት ከለ በፊት ይመጣሉ፣ በሐ የተጻፉት ከለ በኋላ፣ በኀ የተጻፉት ከቸ ቀጥሎ ወደታች ወርደው ነው። አንድ ደራሲ ሦስት መደርደሪያ ላይ ተበትኖ ይቀመጣል። ፀጋዬና ጸጋዬም እንዲሁ ናቸው።

"ታዲያ ሞክሼ ፊደል ለምን አይጠፋም" የሚለው የድሮ ክርክር እንዳይነሣብኝ፤ እኔ በዚያ ወገን አይደለሁም። ደራሲው ስሙን በሐመሩ ሐ ከጻፈ ሽፋኑ ላይ በሐ ይቀመጥ፤ የሱ ስም ነው። ካሊበር ግን የሚታየውን ስምና የሚደረደርበትን ስም ለየብቻ ይይዛል። በሚታየው ላይ ደራሲው እንደጻፈው፣ በመደርደሪያው ላይ ሁሌም በሀ፣ በሰ፣ በአ፣ በጸ። እኔና ተማሪዬ እንደዚህ ነው የተስማማነው። እናንተ ሌላ ሕግ ማውጣት ትችላላችሁ፤ ዋናው ከወጣ በኋላ አለመቀየሩ ነው።

ዓመቱንም ተጠንቀቁ። ፍቅር እስከ መቃብር የታተመው በ1958 ዓ.ም ነው። ያንን ቁጥር የቀን ቦታው ላይ ብታስገቡት ፕሮግራሙ የፈረንጅ 1958 አድርጎ ይወስደዋል፤ ኢንተርኔት ላይ ደግሞ 1966 የሚል ታገኛላችሁ፤ ከዚያ ሁለት ቅጂ ያላችሁ ይመስላችኋል። እኔ ዓመቱን ከርዕሱ ጋር "1958 ዓ.ም" ብዬ እጽፋለሁ፤ የቀን ቦታውን እተወዋለሁ።

አሁን ወደ መጫኑ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ መሣሪያውን ሣጥን ውስጥ ይከተዋል። ኬብሉን ሰክታችሁ ኮምፒውተሩ ምንም ካላሳያችሁ መሣሪያው ተበላሸ አትበሉ፤ አንዳንድ ኬብል ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው፣ ፋይል አያሳልፍም። የተማሪዬ ግማሽ ቀን የጠፋው በዚህ ነው፤ በኋላ የጎረቤት ልጅ ኬብል አምጥተን ተገላገልን። ከዚያ ኢፐብ የሚባለውን ዓይነት ፋይል በኬብል ገልብጣችሁ ኪንድል ላይ ብትጥሉት አይታያችሁም። በኢንተርኔት ከላካችሁት ይቀበለዋል፤ በኬብል ግን ካሊበር ወደ ኤዜድደብልዩ3 ቀይሮ መላክ አለበት። ቆቦ የሚባለው ሌላው መሣሪያ (የኛን ቆቦ አይደለም፣ የካናዳውን ነው) ኢፐብን ቀጥታ ያነባል። ኪንድሉ "ዶክመንትስ" ውስጥ ፎልደር ፈጥራችሁ ብታደራጁም ስክሪኑ ላይ ፎልደሩን አያሳያችሁም፤ ሁሉንም አንድ ላይ ነው የሚዘረግፈው። ርዕሱ ላይ የደከማችሁት ድካም ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

አማርኛው ሣጥን ሣጥን ሆኖ ከመጣ ፎንት ነው የጎደለው። አዳዲሶቹ ኪንድሎችም ቆቦም "ፎንትስ" የሚል ፎልደር ይቀበላሉ፤ ኖቶ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባሉትን ነፃ ፎንቶች እዚያ ጣሉና መጽሐፉን ከፍታችሁ ምረጡት። ይኼ የመጽሐፉን ውስጥ ነው የሚያስተካክለው። የርዕሶቹ ዝርዝር ራሱ ሣጥን ከሆነ ግን፣ ያናድዳል፣ ርዕሱን በላቲን ፊደል ከመጻፍ ሌላ ቀላል መንገድ የለም። ስለዚህ አራት መቶውን ከመጫናችሁ በፊት አንዱን ጭናችሁ ሞክሩ። ስትጨርሱ ደግሞ ኬብሉን በድንገት አትንቀሉት፤ መጀመሪያ "ኢጀክት" በሉ።

ስካን የሆነ ፒዲኤፍ ሌላ ጣጣ ነው። እሱ ጽሑፍ አይደለም፤ የገጽ ፎቶ ነው። ስድስት ኢንች ስክሪን ላይ ጉንዳን ያክላል፤ ፊደሉን ላሳድግ ብትሉ እሺ አይልም። ካሊበር ቀይርልኝ ብትሉት ያው ፎቶውን ይመልስላችኋል። የድሮ ፒዲኤፍ ደግሞ ጽሑፍ እያለውም በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ዘመን የተጻፈ ከሆነ፣ ስትቀይሩት የላቲን ፊደልና ነጠላ ሰረዝ የተቀላቀለበት ዝባዝንኬ ይወጣል። ፊደሎቹ በላቲን ቁልፍ ላይ የተሳሉ ሥዕሎች ስለነበሩ ነው። እንደነዚህ ያሉትን ስልክ ወይም ላፕቶፕ ላይ አንብቡ። ሁሉም ፋይል ኢ-ሪደር ላይ ካልገባ አትበሉ።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፣ የሚቀየመኝ ይቀየመኝ። ከተማሪዬ አራት መቶ ፋይሎች ውስጥ ብዙዎቹ በሕይወት ያሉ ደራሲያን መጻሕፍት ነበሩ፤ አንዱ ገዝቶ ስካን አድርጎ የለቀቃቸው። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት ዕድሜውን ሙሉና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ኅሩይ ያረፉት በ1931 ነው፤ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም ከዚያ በፊት። የነሱን ሥራ አባዙ፣ አጋሩ፣ በአግባቡ ጽፋችሁ ለልጆቻችሁ አውርሱ። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን ያረፉት በ1996 ነው፤ ገና አሥርት ዓመታት ይቀራቸዋል። "መጽሐፉ ቦረና አይመጣም፣ ከየት እንግዛ" የምትሉኝ እውነታችሁን ነው፤ እኔም ከደሴ በሰው ነው የማስመጣው። ግን ስሙን አጥፍተን "ዩዘር" ብለን ማሰራጨት የደራሲውን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ስሙንም መውሰድ ነው። ቢያንስ ቢያንስ ስሙ ይኑርበት፤ አንባቢው ወድዶት ከተማ ሲሄድ የሚገዛው ስሙን ካወቀ ነው።

ከአራት መቶው ስንት የቀረ ይመስላችኋል? 63። ድጋሚ የሆነውን፣ የተቆረጠውን፣ የማይነበበውን አወጣን። ከሚሸጡት ውስጥም ብዙዎቹን ይዞ ለመቆየት ራሱ ፈቃደኛ አልሆነም፤ "ስገዛቸው እመልሳቸዋለሁ" አለ። መጀመሪያ ላይ ፊቱ ጠቆረ። "ኧረ ቲቸር፣ አራት መቶ ነበረኝ እኮ" አለኝ። "አብሽር፣ ኖሮህ አያውቅም" አልኩት። ባለፈው ሳምንት ደውሎ ሁለቱን እንደጨረሰ ነገረኝ። መብራት አራት ቀን ጠፍቶ ነበር፤ ኪንድሉ ግን በአብዛኛው ገጽ ሲገለጥ ነው ኃይል የሚበላውና ከመጣ ጀምሮ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ቻርጅ ያደረገው። ማታ ማታ በኩራዝ ያነባል፤ የሱ ኪንድል የራሱ መብራት የሌለው የድሮው ዓይነት ነው። ተማሪዎቹ "ቲቸር ምንድን ነው የምታየው" እያሉ ይከቡት ጀምረዋል አሉ።

ሌሎቻችሁም በኢንቦክስ "ለኔም አደራጅልኝ" ብላችሁኛል። አላደራጅላችሁም፤ አብሬያችሁ እቀመጣለሁ። ለጥምቀት መካነ ሰላም የምትመጡ ከበዓሉ ማግሥት ከሰዓት በኋላ ቤቴ ኑ፤ ላፕቶፕና ፋይል የሚያሳልፍ ኬብል ይዛችሁ። ካሊበርን እኔ በፍላሽ እሰጣችኋለሁ። የናንተን ፍላሽ ግን መጀመሪያ ቫይረሱን አጽዱ፤ ባለፈው አንዱ ያመጣው የሾርትከት ቫይረስ የኔን ፎልደሮች በሙሉ ደብቆብኝ ሁለት ሌሊት ሳልተኛ ነው ያደርኩት። ፋይሎቹ አልጠፉም፣ ተደብቀው ነበር፤ ለሚስቴ ግን ይኼን ማስረዳት አልቻልኩም።